በእንስራው ጀርባ ላይ ያለው ነጭ ነገር፦ የውኃ ጥንካሬና አለካኩ



በዛሬው ትምህርት የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ውኃን ሳትለኩ አትፍረዱበት። በብዙ የገጠር ቀበሌ የሚታይ ነገር አለ። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፓምፕ ይተከላል፣ ዙሪያው ይታጠራል፣ ንጹሕ ውኃም ይወጣል። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ በበራዱ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይታያል። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ይላል። የባቄላው ንፍሮ ያን ሁሉ እንጨት ፈጅቶም አልበስል ይላል። ከዚያ «ይህ ውኃ ኖራ አለበት፣ ኩላሊት ያበላሻል» የሚል ወሬ ይነሳል። ወሬው ሲበረታ ጀሪካኑ ወደ ወንዙ ይመለሳል። የወንዙ ውኃ ለምላስ ይጥማል፣ ሳሙናም ያስነሳል፤ ነገር ግን ከብት የሚጠጣው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ከላይ ያለው ሰፈር ቆሻሻውን የሚለቀው እዚያው ነው። ልጆቻችንን በተቅማጥ የሚጥላቸው ደግሞ ይህ እንጂ ነጩ ቅርፊት አይደለም።

ስለዚህ ቅርፊቱን እንወቀው። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሆነ።

ወለቃ ለዚህ ትምህርት የምትመች ቦታ ናት፤ የሸክላ መንደር ናትና። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ይህች መንደር የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ እናቶችና ቀጥቃጭ አባቶች ለረጅም ዘመን የኖሩባት ናት። ቤተ እስራኤል በሃይማኖታቸው ሥርዓት በወራጅ ውኃ ይነጹ ስለነበር ሰፈራቸውን ከውኃ አያርቁም ነበር። ብዙዎቹ በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላው ሥራ በወለቃ አልቀረም።

እንስራ የያዘ ሰው ለዓመታት ውኃ የተቀመጠበትን እንስራ ጀርባውን ይመልከት። ሸክላ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስላለው ያልባል፤ ውኃው በግድግዳው ሰርጎ ይወጣል፣ በነፋስ ይተናል፣ በመትነኑም የውስጡን ያቀዘቅዛል። የሚተነው ግን ውኃው ብቻ ነው። በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ማዕድን መትነን ስለማይችል እዚያው በሆዱ ላይና በታችኛው ዙሪያ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በጥፍር ቢጭሩት ይፈረፈራል። የሎሚ ጭማቂ ጠብ ቢያደርጉበት ቹ ብሎ አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት ማለት ነው። በበራድ ግርጌ የምታገኙት ቅርፊትም በአብዛኛው ይኸው ነው። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙበት ኖራ ከደረቀ በኋላ የሚሆነውም ይኸው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ጎንደርን አቁሞ የያዘው ነገርና በሻይ ማፍያው ውስጥ የምንፈራው ነገር በኬሚስት ዓይን አንድ ናቸው።

ወደ ውኃው እንዴት ገባ? ዝናብ ከደመና ሲወርድ ማዕድን የለበትም ማለት ይቻላል። ሲወርድ ከአየሩ፣ ከዚያም በበለጠ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ ከሥሮችና ከሚበሰብስ ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ ድንጋይን ቀስ እያለ ይበላል። ጎንደር የቆመችበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በምድር ስንጥቅ ወጥቶ የፈሰሰ፣ ባዛልት የሚባል ዓለት ነው። በውስጡ ካልሲየምና ማግኒዥየም የያዙ ማዕድናት አሉ። ውኃው በስንጥቆቹ መካከል ለዓመታት ሲንሸራሸር ሁለቱን ይዞ ይወጣል። የውኃ ጥንካሬ የምንለው እንግዲህ የእነዚህ የሁለቱ፣ የካልሲየምና የማግኒዥየም፣ ድምር መጠን ነው።

ከጎንደሩ አንገረብ ግድብ የሚመጣው ውኃ በአብዛኛው በምድር ላይ ፈስሶ የተጠራቀመ ስለሆነ ከድንጋይ ጋር የቆየበት ጊዜ አጭር ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ግን ረጅም ጊዜ ከድንጋዩ ጋር ኖሯል፤ ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ይጠነክራል። በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ ሰፈር «የእኛ ውኃ ሳሙና ይፈጃል» ሲል ሌላው ሰፈር የማይገባው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የባዛልት ውኃ ከኖራ ድንጋይ አገር ውኃ ጋር ሲነጻጸር መካከለኛ ነው። ድሬዳዋ የኖሩ ሰዎች ይህን አይጠይቁኝም፤ የከርሰ ምድር ውኃዋ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚወጣ ቧንቧው ሳይቀር ውስጡ በድንጋይ ይጠብባል። መቀሌም የቆመችው በኖራ ድንጋይና ጀሶ ባለበት ምድር ላይ ነው።

የሁለቱ ከተሞች ጥንካሬ በጠባዩ አንድ አይደለም። ኖራ ድንጋይ የሚሰጠው ጥንካሬ ሲፈላ በአብዛኛው ይወርዳል፤ ሙቀቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲያስወጣው ካልሲየሙ ተለይቶ ቅርፊት ይሆናል፣ ከላይ የቀረው ውኃም ለስልሶ ይቀራል። ይህን ጊዜያዊ ጥንካሬ ይሉታል። ከጀሶ የመጣው ግን ቢያፈሉትም ንቅንቅ አይልም። የአምቦን ውኃ አፍልቶ የሚያውቅ ሰው የጊዜያዊውን ጥንካሬ ዱቄት በድስቱ ግርጌ አይቶታል።

አሁን ወደ ሳሙናው። ሳሙና የሚሠራው ከስብና ከአመድ ወይም ከሶዳ ነው። ጠንካራ ውኃ ውስጥ ሲገባ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ የሳሙናውን ስብ ይይዙትና የማይሟሟ ነጭ እርጎ መሰል ዝቃጭ ያደርጉታል። በሳፋው ዳር የሚጣበቀው፣ ነጠላውን የሚያጠቁረው እሱ ነው። አረፋ የሚነሳው ያ ሁሉ ካልሲየም ከተያዘ በኋላ በሚተርፈው ሳሙና ነው። በጠንካራ ውኃ የምታጥብ እናት በወር ውስጥ ከምትገዛው ሳሙና የተወሰነው ልብሱን ሳይነካ ከካልሲየም ጋር ይዘቅጣል ማለት ነው። ለዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤት ይህ ትንሽ ወጪ አይደለም። በዱቄት መልክ የሚሸጠውና ሁላችንም ኦሞ የምንለው ሰው ሠራሽ ማጽጃ እንዲህ አይዘቅጥም። የአገራችን እንዶድም አረፋ የሚሰጠው በስብ ሳይሆን ሳፖኒን በሚባል ንጥረ ነገር ስለሆነ የሳሙናን ያህል በጥንካሬ አይሸነፍም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ለቢልሃርዝያ መከላከያ የሚሆነውን ምርምር የጀመሩት በዚሁ ተክል ነው።

ሳሙና በካልሲየም መሸነፉ መለኪያም ሆኗል። በስኮትላንድ የአበርዲን ኬሚስት የነበረው ቶማስ ክላርክ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አካባቢ ይህን ወደ ሥርዓት አመጣው። ልኩ የታወቀ የሳሙና ውኃ አዘጋጅቶ፣ በሚመረመረው ውኃ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ፣ እየናጠ፣ አረፋው ለ5 ደቂቃ ሳይፈርስ እስኪቆም ድረስ ምን ያህል እንደፈጀ ቆጠረ። ይህን ማንኛውም የወለቃ ተማሪ በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። የሳይንስ መምህራን ካላችሁ ይህን ክፍል ያዙልኝ።

የሚያስፈልገው ይህ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውኃ፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ካጠበ በኋላ የተያዘ ቢሆን ይመረጣል። ተራ የልብስ ሳሙና፤ ኦሞ አይሆንም፣ ምክንያቱን ነግሬያችኋለሁ። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል፣ መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ ባለ ግማሽ ሊትር ባዶ ሃይላንድ፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አንድ እፍኝ ጀሶ። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፋቀ ሳሙና ግማሽ ሊትር በሚሆን፣ እኩል በተቀላቀለ የዝናብ ውኃና አልኮል ውስጥ አሟሙታችሁ አጥልሉት። ይህ የሳሙናው ውኃ ነው።

ጀሶው ለምንድን ነው? ለማነጻጸሪያ። ጀሶ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ ነው፤ ትርፉ ከታች ይዘቅጣል። እፍኙን በአንድ ሊትር የዝናብ ውኃ ውስጥ በትናችሁ፣ ደጋግማችሁ አማስላችሁ፣ ሌሊቱን አሳድራችሁ በጠዋት ከላይ ያለውን ጥሩውን ብታጠልሉ፣ ጥንካሬው በሊትር ወደ 1,400 ሚሊግራም የሚጠጋ ውኃ ታገኛላችሁ። ከዚህ አንድ ስኒ በ9 ስኒ የዝናብ ውኃ ስትበርዙት 140 ገደማ ይሆናል። ላቦራቶሪ ሳትገቡ ልኩ የታወቀ ውኃ ሠራችሁ ማለት ነው። እኔ ይህን የጀሶ ነገር በጣም እወደዋለሁ፤ ውድ ኬሚካል ለሌለው ትምህርት ቤት በር ይከፍታልና።

ቀጥሎ 100 ሚሊሊትር የዝናብ ውኃ በሃይላንዱ ውስጥ አድርጋችሁ፣ በስሪንጁ 1 ሚሊሊትር የሳሙና ውኃ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ ናጡት፤ አጋድማችሁ አስቀምጡና 5 ደቂቃ ጠብቁ። አረፋው ከፈረሰ ሌላ 1 ሚሊሊትር ጨምሩ። አረፋው ሲቆም የፈጀውን ጻፉ። ከዚያ የተበረዘውን የጀሶ ውኃ፣ በመጨረሻም የጉድጓዳችሁን ውኃ በተመሳሳይ መንገድ ሞክሩ። ለምሳሌ የዝናቡ ውኃ 1፣ የጀሶው 15፣ የጉድጓዱ 9 ሚሊሊትር ፈጀ እንበል። የዝናቡን 1 ከሁለቱም ላይ ስትቀንሱ 14ና 8 ይቀራሉ። 14ቱ የ140 ድርሻ ከሆነ፣ 8ቱ የ80 ድርሻ ነው። ውኃችሁ በሊትር 80 ሚሊግራም ገደማ ጥንካሬ አለው። ሳሙናው ብዙ ከፈጀ ውኃውን በዝናብ ውኃ እኩል በርዛችሁ ውጤቱን በ2 ታባዛላችሁ። ማግኒዥየም የበዛበት ውኃ መጀመሪያ አረፋ የቆመ አስመስሎ እንደገና ይፈርሳል፤ አንድ ጊዜ ቆመ ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ጨምራችሁ አረጋግጡ።

በላቦራቶሪ የሚሠራበት መንገድ ከዚህ የተጣራ ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጌሮልድ ሽቫርዘንባህ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚባለውን ንጥረ ነገር ለዚህ ሥራ አዋለው። ይህ ንጥረ ነገር ካልሲየሙን እንደ ቀጥቃጭ ጉጠት ጨብጦ አይለቅም። መርማሪው 50 ሚሊሊትር ውኃ በፍላስክ ይለካል፤ አሲድነቱን በ10 ፒኤች ላይ የሚያጸና፣ አሞኒያ አሞኒያ የሚሸት ፈሳሽ ይጨምራል፤ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የሚባል ጥቁር ቀለም በማንኪያ ጫፍ ይነሰንስበታል። ውኃው የወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል። ከዚያ ቢሬት የሚባለውን ባለ መክፈቻ መለኪያ ቱቦ ከፍቶ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ.ውን ጠብ ጠብ እያደረገ ፍላስኩን ያሽከረክራል። ረጅም ጊዜ ምንም ለውጥ የሌለ ይመስላል። ከዚያ ቀዩ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ እዚህ ላይ እጅ መቀነስ አለበት፣ በአንድ ጠብታና በሌላው መካከል ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ያሻል። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትወድቅ የቀይ ቅሪት ከውኃው ይጠፋል፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። የጉጠቱ መንጋጋ የመጨረሻውን ካልሲየምና ማግኒዥየም ከቀለሙ ላይ ነጠቀ ማለት ነው። የኢ.ዲ.ቲ.ኤ.ው ልክ 0.01 ሞላር ከሆነ የፈጀውን ሚሊሊትር በ20 ማባዛት ነው። 4 ሚሊሊትር ከፈጀ 80። በሳሙናው ያገኘነው ያው የምሳሌ ውኃ።

ውጤቱ ሲጻፍ «በሊትር ይህን ያህል ሚሊግራም፣ በካልሲየም ካርቦኔት ተተምኖ» ይባላል። ሁለት የተለያዩ ንጥረ ነገሮችን በአንድ ሚዛን ለመደመር የተመረጠ አተማመን ነው፤ የካልሲየም ካርቦኔት ሞለኪውላዊ ክብደት 100 ስለሆነ ለስሌት ይቀላል። የታሸገ ውኃ ገዝታችሁ ጠርሙሱ ላይ የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን ካነበባችሁ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፤ ካልሲየሙን በ2.5፣ ማግኒዥየሙን በ4.1 አባዝታችሁ ደምሩ።

እስከ 60 ድረስ ያለው ለስላሳ፣ እስከ 120 መካከለኛ፣ እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውኃ ደረጃ ያስቀመጠው ጣሪያ 300 ነው። ይህ ጣሪያ ግን እንደ መርዝ ጣሪያ መታየት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጥንካሬ በጤና ላይ የተመሠረተ ገደብ አላወጣም። ከ200 በላይ ሲሆን ቅርፊት እንደሚበዛ፣ ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ ውኃው ቧንቧን የመብላት ዝንባሌ ሊኖረው እንደሚችል ነው የሚያሳስበው። በጣም ለስላሳ ውኃም የራሱ ጣጣ አለው ማለት ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነታችን የሚፈልጋቸው ማዕድናት መሆናቸውንም አትርሱ፤ ወተት በየቀኑ ለማይገባበት ቤት ከውኃ የሚገኘው ካልሲየም ቀላል ስጦታ አይደለም።

የኩላሊት ጠጠርስ? ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ፣ የሚያስጨንቅ ስለሆነም በቁም ነገር መመለስ አለበት። ጠንካራ ውኃ መጠጣት የኩላሊት ጠጠር እንደሚያመጣ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም። ለጠጠር ከሚዳርጉት ዋና ነገሮች አንዱ ውኃ በበቂ አለመጠጣት ነው፤ ሽንት ሲወፍር ማዕድኑ ይጠጥራል። ከምግብና ከመጠጥ የሚገኝ ካልሲየም እንዲያውም ኦክሳሌት የሚባለውን የጠጠር ግማሽ አካል አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ጠንካራ ነው ብሎ ውኃ የሚቀንስ ሰው ሊሸሽ ወደፈለገው ነገር እየተጠጋ ነው። ጠጠር ኖሮበት ሐኪም የተለየ ምክር የሰጠው ሰው ግን የሐኪሙን ይስማ።

በተቃራኒው ለስላሳ ውኃ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በዝዋይና በወንጂ አካባቢ ያለውን የስምጥ ሸለቆ ተመልከቱ። የብዙዎቹ ጉድጓዶች ውኃ ካልሲየሙ ጥቂት፣ ሶዲየሙ ብዙ ነው፤ ሳሙና ያስነሳል፣ በበራድ ላይም ብዙ ቅርፊት አይተውም። ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር መጠን ግን ከፍተኛ ነው። ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር ተያይዞ የማይሟሟ ማዕድን ይሆንና መጠኑን ይገድበው ነበር፤ ካልሲየም ስለሌለ ፍሎራይዱ እንደልቡ ይከማቻል። የሚፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በዚያ አካባቢ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆነበት ቦታ አለ። ልጆች ጥርሳቸው በልዞ ያድጋሉ፤ ለረጅም ዓመታት የጠጡት ደግሞ አጥንታቸው እስኪደድር፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ይደርሳሉ። በወንጂ የስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ የታየው ሕመም በሕክምና መጻሕፍት የተመዘገበ ነው። ያን ውኃ ዓይንም፣ ምላስም፣ ሳሙናም አመስግነውታል። ያጋለጠው ልኬት ነው።

ገበያ ላይ የሚሸጠውን እስክሪብቶ መሰል የኤሌክትሪክ መለኪያ ያላችሁም አላችሁ። ውኃ ውስጥ ሲነከር ቁጥር ያሳያል። ያ መሣሪያ የሚነግራችሁ በውኃው ውስጥ የሟሟው ነገር ሁሉ በጅምላ ምን ያህል እንደሆነ ነው፤ ካልሲየሙን ከሶዲየሙ አይለይም። የስምጥ ሸለቆው ውኃ በዚያ መሣሪያ ትልቅ ቁጥር ያሳያል፣ ጥንካሬው ግን ትንሽ ነው። ስለ ጀርም ደግሞ አንድም መሣሪያ ከእነዚህ መካከል አይናገርም፤ የሳሙናው ሙከራም እንደዚያው።

ለውኃ ኮሚቴዎች አንድ ነገር ላሳስብ። የጉድጓዱን ጥንካሬ አንዴ ለክቶ መተው አይበቃም። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ በነሐሴና በመጋቢት አንድ ዓይነት ውኃ አይሰጥም፤ ክረምት ይበርዘዋል፣ በጋ ያጠነክረዋል። ቢያንስ በሁለቱ ወቅቶች ለክታችሁ በደብተር ጻፉት። ውጤቱ 250 ሆኖ ሕዝቡ ሲያጉረመርም የምታሳዩት ነገር ይኑራችሁ። ለልብስ የሚሆነውን ውኃ በልብስ ሶዳ ማለስለስ እንደሚቻል፣ ባቄላውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ መጀመሪያ ፈልቶ በጠለለ ውኃ መቀቀል እንደሚሻል፣ የበራዱን ቅርፊት በሎሚ ጭማቂና በሙቅ ውኃ አሳድሮ ማጠብ እንደሚበቃ ንገሯቸው። ጥንካሬው ከ500 አልፎ ውኃው ከጎመዘዘ ግን ሕዝቡ አይጠጣውም፤ ያኔ ሌላ ምንጭ መፈለግ ወይም ከለስላሳ ውኃ ጋር ማደባለቅ የኮሚቴው ሥራ ነው።

ጎንደር በዚህ ጉዳይ ድሃ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ምንጭ ማጎልበትና ውኃ መመርመር ከትምህርታቸው አንዱ ነበር። ናሙና ይዛችሁ ወደ ምርመራ ቤት ስትሄዱ ፓምፑን ለጥቂት ደቂቃ አስኪዱት፣ ጠርሙሱን በራሱ በውኃው 3 ጊዜ አለቅልቁት፣ አፉ ድረስ ሞልታችሁ ክደኑት፤ የጉድጓዱን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት። ከጥንካሬው ጋር ፍሎራይዱን አስለኩ። የጀርም (የኮሊፎርም) ምርመራም ጠይቁ፤ የእሱ ናሙና ግን በተለየ፣ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ መወሰድ፣ ሳይለቀለቅ መሞላት፣ በበረዶ ሆኖ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት።